በጎ ፈቃድ ከበደል ያድናልን?



ሰው ክፉ ሳያስብ ሌላውን ሊበድል ይችላልን? ብዙዎቻችን በደል ሁሉ ከክፉ ሐሳብ የሚመነጭ ይመስለናል። ስለዚህ ጉዳት በደረሰ ጊዜ «እሱ እኮ ቅን ሰው ነው፤ ሆን ብሎ አላደረገውም» ከተባለ ክርክሩ እዚያው ላይ ያከትማል። ይህ አስተሳሰብ የማያዋጣ መሆኑን በአንድ ምሳሌ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

መስከረም 21 ቀን 2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 2019) በአሜሪካ አገር ኮኔቲከት ውስጥ ከሚገኘው ብራድሊ አውሮፕላን ማረፊያ አንድ ቢ-17 አውሮፕላን ተነሣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የተሠራ፣ ባለ 4 ሞተር አውሮፕላን ነው። ኮሊንግስ ፋውንዴሽን የተባለ የግል ድርጅት ያለፈውን ታሪክ ለትውልድ ለማሳየት ሲል ከከተማ ወደ ከተማ እያዞረ፣ ገንዘብ የከፈሉ ጎብኚዎችን ያሳፍርበት ነበር። በዚያ ዕለት 13 ሰዎች ተሳፍረዋል። ወዲያው እንደ ተነሣ 4ኛው ሞተር ደከመ። አብራሪው ሞተሩን አጥፍቶ ለመመለስ ቢሞክርም አውሮፕላኑ መንደርደሪያው ጋ ሳይደርስ መሬት ነካ፤ ከመንገዱም ወጥቶ ከፈሳሽ ማጠራቀሚያ ታንክ ጋር ተጋጭቶ ተቃጠለ። 7 ሰዎች ሞቱ።

የዚህ ዓይነቱ ሞተር ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ፣ ለካንዴላዎቹም ብልጭታ የሚሰጡ ሁለት ማግኔቶዎች አሉት። አንዱ ቢሰንፍ ሌላው እንዲሸከም ታስቦ ነው። ሲመረመር ግን በ4ኛው ሞተር የአንደኛው ማግኔቶ መስመር ተላቅቆ በሽቦ ታስሮ ተገኘ፤ ያው ሽቦ ማግኔቶውን ከሥራ ውጪ አድርጎታል። የሁለተኛው ብልጭታ ደግሞ ደካማ ነበር። የ3ኛው ሞተር ካንዴላዎችም ቆሽሸዋል። መርማሪው መሥሪያ ቤት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ ዋናው ምክንያት አብራሪው ሞተሩን ካጠፋ በኋላ የአውሮፕላኑን ፍጥነትና አያያዝ በሚገባ አለመቆጣጠሩ ነው አለ። ለአደጋው አስተዋጽኦ ካደረጉት መካከልም የጥገናውን ጉድለትና የመንግሥት ተቆጣጣሪውን ቸልታ ቆጠረ። የጥገናው ኃላፊ ማን ነበር? ራሱ አብራሪው። እሱም ከሞቱት አንዱ ነው።

እንግዲህ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ይህ ሰው ለማንም ክፉ አልተመኘም። ሞተሩ ለሞት የሚያደርስ መሆኑን ቢያምን ኖሮ ራሱ ባልተሳፈረ ነበር። «የራሱን ነፍስ አብሮ ያስያዘ ሰው እንዴት ይወቀሳል?» የሚል ይኖራል። መልሱ ግን ቀላል ነው። የራስን ገንዘብ አደጋ ላይ መጣል ሌላ፣ የአደራ ገንዘብ ጨምሮ መጣል ሌላ። ተሳፋሪዎቹ የሞተሩን ክዳን ከፍተው ማየት አይችሉም፤ የያዙት እምነት ብቻ ነው። አደራ ማለትም ይኸው ነው፤ ባለቤቱ ሊያየው በማይችልበት ቦታ የሚጠበቅ ነገር። አባቶቻችን «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

«ሰው ሆኖ የማይሳሳት የለም» የሚልም አይጠፋም። እውነት ነው። ይሁን እንጂ ስሕተትና ቸልታ ይለያያሉ። ስሕተት ሳናስበው ይደርስብናል፤ ቸልታ ግን ማረሚያ የሚሆን ብዙ ቀን ተሰጥቶን ሳንጠቀምበት የምናሳልፈው ነው።  ሽቦም በራሱ አይታሰርም፤ የሆነ እጅ ጉድለቱን አይቶ «ለጊዜው» ብሎ አልፎታል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ምክር የሚያፈርሰው ይህች «ለጊዜው» የምትባል ቃል ናት።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው፣ በጎ ሥራ ራሱ ለቸልታ መጋረጃ ሊሆን መቻሉ ነው። በጎ ሠሪን ሰው አይጠይቀውም፤ እሱም ራሱን አይጠይቅም። አብራሪና የጥገና ኃላፊ አንድ ሰው ሲሆንም «ዛሬ አትነሣ» የሚል ሌላ አንደበት አይገኝም።

ነገ ከእኛ መካከል ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ ሾፌር፣ የዕድር ገንዘብ ያዥ የሚሆን አለ። ሰው «እናምንሃለን» ሲለን ደስ ይለናል። በዚያኑ ሰዓት መዝገባችንን ወይም ሞተራችንን ሌላ ሰው ከፍቶ እንዲያይልን ብንለምን፣ ፍቅራችን ያን ጊዜ ለሚታመኑብን ሰዎች ይጠቅማቸዋል።