ሙያ የወደቀ ተማሪ ዕጣ ነውን?

«ሙያ በልብ ነው» ይላል ያገራችን ሰው። ታዲያ በልቡ ያለውን ሙያ በእጁ አውጥቶ ያሳየንን ሰው ለምን ስንንቀው ኖርን? ማረሻ የሚሠራልንን «ቀጥቃጭ»፣ ቆዳ የሚያለፋልንን «ፋቂ» እያልን፣ ሸክላ ሠሪዋን በቡዳነት እየጠረጠርን፣ በሠሩት ዕቃ ግን ስንገለገል ኖረናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ነውሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበረ ያሳያል። የእኛ ጥያቄ ይህ ነው፤ ስድቡ በእርግጥ ቀርቷል ወይስ ስሙን ለውጦ ትምህርት ቤት ገብቷል?

በ1950ዎቹ ዓ.ም. የተስፋፉት ኮምፕሬሄንሲቭ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች ሐሳባቸው ደግ ነበር። ተማሪው ከሒሳብና ከታሪክ ጎን እንጨት ሥራ፣ ብረታ ብረት፣ ንግድ ወይም የቤት አያያዝ እንዲማር ነበር። በወሎ የደሴው ወ/ሮ ስሂን ከነዚህ አንዱ ነው። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ግን አሥረኛ ክፍልን መንታ መንገድ አደረገው፤ ነጥብ የመጣለት ወደ መሰናዶ፣ ያልመጣለት ወደ ቴክኒክና ሙያ። ፈተናው እስከ 2011 ዓ.ም. ዘለቀ። ወ/ሮ ስሂንም ዛሬ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ነው። ስለዚህ ሙያ ከአገር አልጠፋም፤ የወደቀ ልጅ ማረፊያ ሆነ እንጂ። «ልጅሽ የት ደረሰ?» የተባለች እናት «ምን ባክሽ፣ ቴክኒክ ገባ» ስትል ድምጿን ዝቅ የምታደርገው ለዚህ ነው።

ጉዳቱ በቴክኒክ ገቢው ላይ ብቻ አይደለም። እስቲ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን መርሳን እንመልከት። የሐብሩ ገበሬ ሞፈር፣ እርፍ፣ ድግርና ወገል አገጣጥሞ ያርሳል። በሞፈሩና በማረሻው መካከል ያለው ማዕዘን ሲለወጥ የእርሻው ጥልቀትም ይለወጣል። ልጁ ግን ማዕዘንን የሚያውቀው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው። መምህሩ የሚሥለውና አባቱ የሚያስተካክለው ማዕዘን አንድ መሆኑን የሚነግረው የለም። እንግዲህ ዕውቀት ያለው በመጽሐፍ ብቻ ነው፣ አባቴም ምንም አያውቅም ብሎ ቢደመድም ይፈረድበታልን?

«ድኻ ት/ቤት መጋዝና መዶሻ ከየት ያመጣል?» የሚሉ አሉ። ችግሩ እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ሞፈርና አንድ አንጥረኛ በየገጠሩ አይጠፋም፤ ከዚያ መጀመር ይቻላል። «ሁሉ አናጢ አይሆንም» የሚሉም አሉ። ታሪክ የተማረውስ ሁሉ ታሪክ ጸሐፊ ሆነ እንዴ? የእጅ ሥራ ለኑሮ መተዳደሪያ ብቻ ሳይሆን ለኅሊናም ትምህርት ነው። እኛ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች በፈተና ወረቀት ላይ ያላወቅነውን ነገር በቃላት ሸፋፍነን ማለፍ እንችላለን። የተንጋደደ ወንበር ግን ክርክር አይቀበልም፤ ወይ ይቆማል ወይ ይወድቃል።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የተዘጋጀው ሥርዓተ ትምህርት የሙያና ቴክኒክ ትምህርትን ወደ መደበኛው ክፍል መልሶታል። መልካም ነው። ዳሩ ግን ሙያው ተሸምድዶ የሚፈተን ሌላ መጽሐፍ ከሆነ ምን ረባን? በእኛ አስተያየት መመዘኛው አንድ ነው፤ ከክፍሏ አንደኛ የወጣችው ልጅም መጋዝ ይዛ እስክትታይ ድረስ የ1900ው አዋጅ ገና አልተፈጸመም።