ከቤት የተላከ ገንዘብ የማን ነው?

በእምድብር አካባቢ የሚኖር አንድ ገበሬ ልጁን ዩኒቨርሲቲ ካስገባ በኋላ በየጊዜው የባሕር ዛፍ አጣና እየሸጠ ገንዘብ ይልክለታል እንበል። ገንዘቡ ልጁ እጅ ከገባ በኋላ የማን ነው? ስጦታ የተቀባዩ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ልጁ «ገንዘቤ ነው» ቢል ዋሸ አይባልም። ይሁን እንጂ አባት የላከው ልጁ እንዲማርበት ነውና ገንዘቡ ከፊሉ ስጦታ፣ ከፊሉ አደራ ነው።

ስለ ተማሪዎች የገንዘብ አያያዝ ሲነሣ ዘወትር የሚሰጠው ምክር «ገቢህንና ወጪህን በደብተር ጻፍ» የሚል ነው። መልካም ምክር ነው። ነገር ግን ተማሪው ገንዘቡን የሚያባክነው መደመርና መቀነስ ተስኖት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስወጣው ኀፍረት ነው። የድኻ ልጅ መባልን ይፈራል። ስለዚህም ገንዘቡ በደረሰ ሳምንት ጓደኞቹን ከግቢ ውጭ ምሳና ማኪያቶ ይጋብዛል፤ ወሩ ሳይጋመስ ለፎቶ ኮፒ ይበደራል። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ገንዘብ በስልክ ወዲያው ስለሚደርስ «አልቆብኛል፣ ላኩልኝ» ማለት ቀሏል።

ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስ አባካኝነት ከንፉግነት ያነሰ ኃጢአት መሆኑን ያስተምራል። አባካኝ ለልግስና የቀረበ ነው፤ በሚሰጠው የሚጠቀም ሰው አለ፤ ዕድሜና ማጣትም ያርሙታል። ንፉግ ግን ለራሱ እንኳ አይሆንም። በመሆኑም ገንዘቡን ቆልፎ ይዞ፣ ሳሙና መግዣ ያጣ የመኝታ ክፍል ጓደኛውን እንዳላየ የሚያልፍ ጠንቃቃ ተማሪ ከጋባዡ ይሻላል ለማለት አልደፍርም። ሆኖም ቶማስ ያለ ልክ የሚሰጥ ሰው የሚሰጠው ሲያልቅበት ከማይገባው ቦታ ወደ መውሰድ እንደሚያዘነብልም አስተውሏል። የጋባዡ ተማሪ ጉድለት እዚህ ላይ ነው፤ ምስጋናው የእርሱ፣ ድካሙ የአባቱ ይሆናል።

በግቢ ውስጥ የሚበላው እንጀራም ቢሆን ብዙዎች እንደሚያስቡት የነፃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት ወጪ መጋራት ደንብ ቁጥር 91 በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ ከፊሉን፣ ከተመረቀ በኋላ እንዲከፍል ደንግጓል። እንግዲህ ተማሪው በአንድ በኩል የወላጁን ላብ፣ በሌላ በኩል የነገ ደመወዙን እየበላ ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በልጁ ላይ መጣል ግን ፍርድ ማጓደል ይሆናል። ብዙ ወላጆች ምን ሸጠው እንደላኩ ለልጃቸው አይነግሩም። «እንዳይጨነቅብን» ይላሉ፤ እውነቱን ለመናገር እነርሱም በማጣታቸው ያፍራሉ። ልጁም ቤቱ የሞላ ይመስለዋል። አባት ደብቆ ይሸጣል፣ ልጅ ደብቆ ያወጣል። በእንዲህ ያለ ቤት ደብተር ምን እውነት ሊጻፍበት ይችላል?

ተማሪዎች ለዕረፍት ወደየቁምስናቸው ሲመለሱ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን ጉዳይ ወላጅና ልጅ በአንድነት በተገኙበት ቢያነሡት መልካም ነው። አባት የሸጠውን ይናገር፤ ልጅም ለሳሙና፣ ለፎቶ ኮፒ፣ ለስልክ ካርድና ለመሳፈሪያ የሚያስፈልገውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ያስረዳ። ከዚያም «አብሮኝ የሚተኛው ልጅ የሚልክለት ሰው የለውም፤ ከምትልኩልኝ ጥቂት ላካፍለው?» ብሎ ይጠይቅ። አብዛኞቹ እናቶች ምን ብለው እንደሚመልሱለት መገመት አያዳግትም።