የልጆቻችንን የልደት ቀን እንዴት እናክብር?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



እኛ በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ የምንኖር የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ዛሬ ልንጽፍላችሁ የተነሣነው ትንሽ ስለሚመስል ጉዳይ ነው፤ ይኸውም በባዕድ አገር ስለሚከበረው የልጆች ልደት ነው። ጉዳዩ ትንሽ አለመሆኑን የተረዳነው ከራሳችን ስሕተት ስለሆነ አስቀድመን ስሕተታችንን እንናገራለን።

በ2017 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም፣ መጻጉዕ በሚባለው እሑድ፣ መጋቢት 7 ቀን፣ ከምናስተምራቸው ሕፃናት አንዲቱ እጇን አውጥታ፣ «ነገ ሰባት ዓመት ይሞላኛል፤ ኬክ መቁረስ ይፈቀድልኛል?» ብላ ጠየቀችን። እኛም ብዙ ሳናስብ ወቅቱ ጾም መሆኑን ነገርናት። በዚያም ሳናበቃ፣ ሄሮድስ በልደቱ ቀን የመጥምቁ ዮሐንስን ራስ እንዳስቆረጠ (ማቴ. 14፥6-11) አስረዳናት። ልጅቱ ዝም አለች። ማታ እናቷ ደውለው፣ «ምን ብላችኋት ነው እናንተ ልጆች? ‹የእኔ መወለድ ኃጢአት ነው ወይ?› እያለች ታለቅሳለች» አሉን። የምንመልሰው አጣን።

እንግዲህ እናስተውል። ከአባቶቻችንና ከእናቶቻችን ብዙዎቹ፣ «የልደት ቀን ማክበር የእኛ ባህል አልነበረም» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። በአገር ቤት በተለይ በገጠር የተወለደበትን ዕለት በቁጥር የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነበር። ነገር ግን የልጅ መምጣት በዝምታ አልታለፈም። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ ቤተ ዘመድና ጎረቤት ተጠርቶ ይበላ ይጠጣ ነበር። ስለዚህ አባቶቻችን ልጅን በማግኘት መደሰትን አልተዉም፤ ደስታቸውን በቤተ ክርስቲያን ደጅ አደረጉት እንጂ።

በዚህ አገር ግን ነገሩ ሌላ ነው። ልጆቻችን ገና መዋዕለ ሕፃናት ሲገቡ የልደት ቀናቸው በክፍሉ ግድግዳ ላይ ይጻፋል፤ በየሳምንቱም የአንዱ ጓደኛ ልደት ይዘመራል። ከዚህ መካከል የሚውል ልጅ ቤቱ ሲመጣ ወላጆቹ ቀኑን እንዳላወቁ ሆነው ቢያልፉት ጾምን አይማርም፤ የሚማረው የወላጆቹ ሃይማኖት በደስታው የሚቀና መሆኑን ነው። በሌላ በኩል ደግሞ የጎረቤትን ሥርዓት እንዳለ ገልብጠን፣ አዳራሽ ተከራይተን፣ ተበድረን ጭምር ብንደግስና የእግዚአብሔርን ስም ሳናነሣ ብንበተን፣ ልጁ ቀኑ የስጦታ ቀን ብቻ እንደሆነ ይማራል። ሁለቱም መንገድ ልጁን ከእኛ ያርቀዋል።

መጽሐፍ ቅዱስ ምን ያስተምረናል? ፈርዖን በልደቱ ቀን ግብዣ አድርጎ የእንጀራ አበዛዎቹን አለቃ እንደ ሰቀለ ተጽፏል (ዘፍ. 40፥20-22)። ሄሮድስም እንዲሁ ደም አፈሰሰ። እኛ ለሕፃኗ ያነበብንላት ይህን ብቻ ነበር። ሄሮድስን ያስኮነነው ግን መወለዱን ማሰቡ አይደለም፤ በእንግዶቹ ፊት እንዳያፍር ብሎ ለከንቱ መሐላ ጻድቅን ማስገደሉ ነው። የሄሮድስን ልደት ዛሬ የሚያስብ የለም፤ እርሱ ያስገደለውን የዮሐንስን ልደት ግን ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ታከብራለች። ዮሐንስ ሳይወለድ እንኳ መልአኩ ለዘካርያስ ብዙዎች በልጁ መወለድ ደስ እንደሚላቸው ነግሮታል (ሉቃ. 1፥14)። ግንቦት 1 ቀን ልደታ ለማርያምን፣ በታኅሣሥ መጨረሻም የጌታችንን ልደት የምታከብር ቤተ ክርስቲያን መወለድን እንዴት ትጠላለች?

ጻድቁ ኢዮብንም እንመልከት። ልጆቹ እያንዳንዳቸው በየተራቸው ግብዣ ያደርጉ ነበር። ኢዮብ ግብዣውን አልከለከለም፤ የግብዣው ወራት ሲያልፍ ግን ማልዶ ተነሥቶ በልጆቹ ቁጥር ልክ መሥዋዕት ያቀርብላቸው ነበር (ኢዮ. 1፥4-5)። ከዚህ የወላጅን ድርሻ እንማራለን፤ ይኸውም ለእያንዳንዱ ልጅ በስሙ በእግዚአብሔር ፊት መቆም ነው።

ጾሙስ? ዐቢይ ጾም ፈጥኖ ቢገባ የካቲት 1 ቀን፣ ቢዘገይ መጋቢት 5 ቀን ይገባል፤ ፋሲካም ከመጋቢት 26 ቀን በፊት አይውልም። ስለዚህ እንደዚህች ልጅ መጋቢት 8 ቀን የተወለደ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ልደቱ ከጾም አይወጣም። ለእንዲህ ያለው ልጅ «ዘንድሮ ይቅርብህ» ማለት «ሁልጊዜ ይቅርብህ» ማለት ነው።

ነገር ግን ጾምና ልደት ጠላቶች አይደሉም። በዚያው በዐቢይ ጾም ሰባተኛው እሑድ ኒቆዲሞስ ይባላል፤ በዚያን ቀን የሚሰበከው ሰው ዳግመኛ ከውኃና ከመንፈስ ስለ መወለዱ ነው (ዮሐ. 3)። ቤተ ክርስቲያን በጾሙ ውስጥ የልደትን ነገር ታስተምረናለች። ደግሞም በሥርዓታችን ልጆች ጾም መልመድ የሚጀምሩት ሰባት ዓመት ሲሞላቸው ነው። ሰባት ዓመት የሞላት ልጅ ከታላላቆቿ ጋር ለመጾም የበቃች ናት፤ ይህ ክብር እንጂ ቅጣት አይደለም። እኛ ግን እንደ ቅጣት ነገርናት።

ከእናቷ ስልክ በኋላ ከቤተሰቡና ከንስሐ አባታቸው ጋር ተመካከርን። በማግሥቱ ማለዳ፣ ልጅቱ ወደ ትምህርት ቤት ሳትሄድ፣ አያቷ ከጎንደር በስልክ መረቋት። ማታ እናቷ ቅቤና እንቁላል የሌለበት፣ ጥቁር አዝሙድ የገባበት ድፎ ዳቦ ጋገሩ፤ ኮባ ባይገኝ በፎይል ሸፍነው በኦቨን አበሰሉት። አባታችን ጸሎት አድርሰው ባርከው ቆረሱ። የክርስትና እናቷም ልጅቱ በ80 ቀኗ እንዴት እንደ ተጠመቀች፣ ማዕተብ እንዴት እንደ ታሰረላት፣ የክርስትና ስሟም ምን ማለት እንደ ሆነ ነገሯት። ስሟን ታውቀው ነበር፤ ትርጉሙን ግን ከዚያች ማታ በፊት የነገራት ሰው አልነበረም። እኛም በሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅናት፤ «ስትወለጂ እግዚአብሔርን ያመሰገንን ሰዎች ነን» አልናት። ኬኩ ለዳግማይ ትንሣኤ ቆየላት፤ የክፍል ጓደኞቿም ያን ጊዜ ተጠሩ።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ከዚህ በመነሣት ጥቂት ነገር በትሕትና እናሳስባለን። የልጃችሁን የልደት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፋችሁ ያዙ፤ ማርች 17ን የሚያውቅ ልጅ መጋቢት 8ንም ይወቅ። ከዚያም ጋር የተጠመቀበትን ዕለት ጻፉ። ልደቱ በዋለበት ሳምንት ቅዱስ ቁርባን እንዲቀበል አድርጉ። በድግሱ አትፎካከሩ፤ ብድር ያለበት ደስታ እንግዳው ሲሄድ ያልቃል። ከሚቆረሰውም ዳቦ ለብቻው ለሚኖር ሽማግሌ ወይም አገሩን ላልለመደ አዲስ መጤ፣ ልጁ ራሱ በእጁ ይዞ ይሂድ።

የምናስተምር ወጣቶችም አንደበታችንን እንጠብቅ። እኛ የሄሮድስን ታሪክ የምናውቅ መሆናችንን ስናሳይ የአንዲት ሕፃን ልብ ሰብረን ነበር። እውነትን ያለ ፍቅር መናገር ሕፃናትን ወደ ክርስቶስ እንዳይመጡ መከልከል ነው።

ከእናት ማኅፀን ያወጣን፣ ከጥምቀት ማኅፀንም ዳግመኛ የወለደን አምላክ ልጆቻችንን በባዕድ አገር ይጠብቅልን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።