የሕፃን አካልና የዴስክ ልክ

በመማሪያ ክፍል ውስጥ ያለ ዴስክ ለልጆች አካል መስማማት አለመስማማቱ አብዛኛውን ጊዜ የግዢና የበጀት ጉዳይ ተደርጎ ቢታይም፣ ከሥሩ የቆየ የሥነ ምግባርና የሃይማኖት ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ትምህርት ከሕፃን አካል ምን ያህል መጠየቅ ይገባዋል የሚለው ነው። ጥያቄው ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ የሲዳማ ክልል ርእሰ ከተማ በሆነችው በሀዋሳ ሲነሣ ክብደቱ ይጨምራል፤ ምክንያቱም ከተማዋ የኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት፣ የወንጌላውያን ጉባኤዎችና መስጊዶች ጎን ለጎን የሚገኙባት፣ ስለ ሰው አካል ክብር ከየመድረኩ የሚሰበክባት ስትሆን፣ እንደ ሌሎቹ የኢትዮጵያ ከተሞች ሁሉ ልጆቿ በፈረቃ እየተፈራረቁ በአንድ ዓይነት ዴስክ ላይ የሚቀመጡባት ናት።

በመንግሥት ትምህርት ቤቶች በብዛት የሚገኘው ኮምባይንድ ዴስክ የሚባለው፣ አግዳሚ ወንበሩና መጻፊያ ገበታው በአንድ የቱቦላሬ ወይም የእንጨት አቋም ላይ የተያያዙበትና ሦስት፣ ክፍሉ ሲጨናነቅም አራት ልጆች የሚቀመጡበት ዕቃ ነው። የመቀመጫው ከፍታ ከወለል 45 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ብትቀመጥበት የሚሆነውን መከታተል አስቸጋሪ አይደለም። እግሯ መሬት ስለማይደርስ ይንጠለጠላል፤ የመቀመጫው ጠርዝ ከጉልበቷ ጀርባ ያለውን ሥጋ ይጫነዋል፤ ጫናውን ለማቃለል ወደ ፊት ስትንሸራተት ጀርባዋ ከመደገፊያው ይለያል፤ ገበታው ደረቷ ድረስ ስለሚመጣም ክንዷን ለማሳረፍ ትከሻዋን ወደ ላይ ትሰቅላለች። ጥቂት ቆይታ አንድ እግሯን አጥፋ በላዩ ትቀመጣለች፣ አለዚያም ራሷን በክንዷ ላይ ጋደም አድርጋ ደብተሯን አዙራ ትጽፋለች። መምህሩ ተስተካክላ እንድትቀመጥ ቢያዛት ትእዛዙ ተገቢ ይመስላል፤ ያልተስተካከለው ግን ዴስኩ ነው። ከሰዓት በኋላ በዚያው ስፍራ ለሚቀመጠው የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ልኩ ሊሆን ይችላል፤ ዕቃው ማንን ታስቦ እንደተሠራ የሚያሳየውም ይኸው ነው።

ሥራንና መገልገያን ከሰው አካልና ዐቅም ጋር የማስማማት ጥናት፣ ኤርጎኖሚክስ የሚባለው፣ ለተማሪ መቀመጫ በተለይ ሦስት ልኬቶችን ይፈልጋል፤ እነርሱም ከወለል እስከ ጉልበት ጀርባ ያለው ቁመት፣ ከመቀመጫ ጀርባ እስከ ጉልበት ጀርባ ያለው ርዝመት፣ ከመቀመጫው እስከ ክርን ያለው ከፍታ ናቸው። የመጀመሪያው የወንበሩን ቁመት፣ ሁለተኛው የወንበሩን ጥልቀት፣ ሦስተኛው የገበታውን ከፍታ ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የአውሮፓ ደረጃ፣ ኢኤን 1729፣ ከ119 እስከ 142 ሴንቲ ሜትር ቁመት ላለው ልጅ 35 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መቀመጫና 59 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ገበታ ይመድባል፤ 46 ሴንቲ ሜትር መቀመጫ የሚመደበው ቁመቱ ከ159 ሴንቲ ሜትር ለጀመረ ሰው ነው። ይህን ሠንጠረዥ በዕድሜ ተርጉሞ እንዳለ ወደ ሀዋሳ ማምጣት ግን አይበጅም፤ በ2011 ዓ.ም በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 37 በመቶ ያህሉ ለዕድሜያቸው የሚጠበቀውን ቁመት አልደረሱም ነበርና። ዘግይተው ትምህርት የጀመሩ ልጆች ሲጨመሩበት በአንድ ክፍል ውስጥ ያለው የቁመት ልዩነት ከክፍል ደረጃው ልዩነት ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ መለካት ያለበት ልጁ ነው፤ የልደት ቀኑ ስለ እግሩ ርዝመት ብዙ አይናገርም።

በዚህ ላይ ከሃይማኖት ወገን የሚነሣው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። የኢትዮጵያ የትምህርት ባህል መከራን ከዕውቀት ጋር አጣምሮ የኖረ ነው፤ የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ መሬት ላይ ወይም ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዳዊት ደግሟል፣ ቅኔ ቆጥሯል፤ በአሥራ ሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖሩት አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እግራቸው እስኪሰበር ድረስ ቆመው እንደጸለዩ ገድላቸው ይተርካል። እንዲህ ያለ ቅርስ ያለው ሕዝብ ለልጅ ምቾት ስለ ምን ይጨነቃል ቢባል መልሱ ከዚያው ቅርስ ውስጥ ይገኛል። ጻድቁ የቆሙት በፈቃዳቸው ነው፤ ተጋድሎን ተጋድሎ የሚያሰኘውም ፈቃድ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ግን መቀመጫዋን አልመረጠችም፣ ትታው ለመሄድም አይፈቀድላትም፤ ያልተመረጠ ሕመም ደግሞ በጎነትን አያፈራም። ደግሞም ያቺው መቆምን የምታከብር ቤተ ክርስቲያን ሌሊቱን በማሕሌት ለሚያድሩት ሊቃውንት የሚደገፉበትን መቋሚያ ሰጥታቸዋለች። በእስልምናም መቆም ያልቻለ ሰው ተቀምጦ እንዲሰግድ ተፈቅዶለታል፤ ሰውነት በባለቤቱ ላይ ሐቅ እንዳለው የሚያስተምር ሐዲስም አለ። የወንጌላውያን ሰባኪ ሥጋ የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ መሆኑን ከቆሮንቶስ መልእክት ጠቅሶ ሲያስተምር የሚናገረው ስለዚሁ አካል ነው፤ ምንም እንኳ ትምህርቱ ከስካርና ከዝሙት አልፎ እስከ ወንበር ጠርዝ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ባይሰማም። ደራሲነቱ እስከ ዛሬ የሚያከራክረው የዘርዓ ያዕቆብ ሐተታም የሰው ሥርዓት ከፈጣሪ ሥራ ጋር ሲጋጭ መመርመር ያለበት ሥርዓቱ እንደሆነ ይሟገታል።

የቆሎ ተማሪ መሬት መቀመጡ ሌላም ነገር ያስተምራል፤ እርሱ ምንም ባይደላው አካሉ አልታሰረም፣ እያዜመ ይወዛወዛል፣ ይነሣል፣ ቦታ ይለውጣል። ስዊድናዊው ሐኪም አልፍ ናኬምሶን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ባደረጋቸው ልኬቶች ያለ ድጋፍ መቀመጥ በወገብ ዲስክ ላይ ከመቆም የበለጠ ጫና እንደሚያሳድር አሳይቶ ነበር፤ በኋላ የመጡ ጥናቶች ልዩነቱን ቢያጠቡትም፣ ዛሬ በመስኩ በሰፊው ተቀባይነት ያለው አስተሳሰብ አንድ ትክክለኛ አቀማመጥ እንደሌለና ጉዳቱ ሳይንቀሳቀሱ ከመቆየት እንደሚመጣ ነው። ማሪያ ሞንቴሶሪም እ.ኤ.አ. በ1907 በሮም ባቋቋመችው የሕፃናት ቤት የተያያዙትን አግዳሚዎች ትታ፣ ልጆች ራሳቸው የሚያነሷቸውን ቀላልና ትንንሽ ወንበሮች አስገብታለች። እዚህ ላይ ግን ማጋነን አያስፈልግም፤ ስኮሊዮሲስ የሚባለው የጀርባ አጥንት ወደ ጎን መጣመም በመጥፎ ዴስክ የሚመጣ አይደለም፤ በዴስክ አለመስማማትና በዘላቂ የጀርባ ሕመም መካከል ያለው ግንኙነትም በጥናት ተቋጭቶ ያለቀ ነገር አይደለም። ግዴታው የሚመነጨው ከወደፊቱ በሽታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማስረጃው በላላ ቁጥር ግዴታውም ይላላ ነበር። ልጅነት ግን ለአዋቂነት መንደርደሪያ ብቻ ስላልሆነ፣ ዛሬ ጠዋት በመደንዘዝ ያለፈው አራት ሰዓት በራሱ የሚቆጠር ነው።

ለሁሉም አንድ ዓይነት ዴስክ ማቅረብ እኩልነት ነው የሚለው መከራከሪያም በጥንቃቄ መታየት አለበት። አርስቶትል ስለ ፍትሕ በጻፈበት በኒቆማኮስ ሥነ ምግባር አምስተኛ መጽሐፍ፣ የሌስቦስ ግንበኞች ይጠቀሙበት የነበረውን፣ እንደ ድንጋዩ ቅርጽ የሚታጠፍ የእርሳስ መለኪያ ጠቅሶ፣ ሕግ ሁሉን በአንድነት ስለሚደነግግ እንደየጉዳዩ የሚያቃናው ርትዕ እንደሚያስፈልገው አስረድቷል። ዴስክም በብረት የተጻፈ ድንጋጌ ነው ማለት ይቻላል። በሦስት ልጆች መካከል የተቀመጠ ግራኝ ልጅ በጻፈ ቁጥር ክርኑ ከጎረቤቱ ቀኝ ክንድ ጋር ይጋጫል፤ መጻፊያው በቀኝ በኩል ብቻ በተበየደበት አርም ቼር ላይ የሚቀመጥ ግራኝ ተማሪ ደግሞ ወገቡን ጠምዝዞ ይጽፋል። ሁለቱም እኩል መቀመጫ አግኝተዋል።

ጉዳዩን አስቸጋሪ የሚያደርገው በዳይ የሌለበት በደል መምሰሉ ነው። የግዢ ኮሚቴው በጨረታ ሰነዱ ላይ ብዛትና ዋጋ ይጠይቃል፤ በማኅበር የተደራጁት በያጆች በተሰጣቸው ስፔስፊኬሽን መሠረት ይሠራሉ፤ ንብረት ክፍሉ ቆጥሮ በሞዴል 19 ገቢ ያደርጋል። ሁሉም የሥራ ድርሻውን ተወጥቷል፤ ልጅቷን የለካ ግን የለም። ለፈረቃ ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ የሚታሰበው መፍትሔ፣ በዴስኩ ሥር የእግር ማሳረፊያ ብረት መበየድ፣ እግርን ከመንጠልጠል ያድናል እንጂ ገበታውን ዝቅ አያደርግም፤ ስለዚህ የተሟላው መንገድ ቢያንስ በሦስት መጠን ማሠራትና መጠኖቹን በአንድ ክፍል ውስጥ ማቀላቀል ነው። ሀዋሳ ለዚህ የሚሆን ዐቅም አላት፤ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጇ፣ ዩኒቨርሲቲዋና የብረታ ብረት ሠራተኞቿ አንድ የሜትር ገመድ ይዘው በአንድ ሳምንት ውስጥ የአንድን ትምህርት ቤት ልጆች ለክተው ሊጨርሱ ይችላሉ። ዝቅ ያለ ዴስክ ከረጅሙ ያነሰ ቱቦላሬ ስለሚወስድም፣ የሕፃናቱን ዴስክ በልካቸው ላለማሠራት የብረት ዋጋ ምክንያት ሊሆን አይችልም።