ተጠይቃ መፈረም አላውቅም አለች

ከጋብቻ መዝገቡ ግርጌ፣ በጊዜ ብዛት ቡናማ በሆነ ቀለም የተጻፈች አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር አለች። ሙሽራውና ሙሽሪት ተጠይቀው መፈረም እንደማያውቁ ተናገሩ፣ ትላለች። ከበታቿ የቄሱ ፊርማ ብቻውን ቆሟል፤ ጅራቱ ረዝሞና ተጠማዝዞ በራሱ ላይ ይመለሳል። ሌላው ባዶ ወረቀት ነው።

የልጄ እናት የብረታኝ ሰው ናት። ፈረንሳይ ወደ አትላንቲክ ከምትዘልቅበት ከምዕራቡ ጫፍ፣ ስሙ ራሱ የምድር ዳርቻ ማለት ከሆነው ከፊኒስቴር። ልጄ በእኔ በኩል እስከ ሰባት ቤት በቃሏ ትቆጥራለች፤ አባቴ እንዳስጠናኝ አስጠንቻታለሁ። አንድ ቀን «በእማዬ በኩልስ?» አለችኝ። አያቷን ብንጠይቃቸው ከሦስተኛው ቤት ማለፍ አልቻሉም። በዚያ አገር ዘር የሚቆጠረው በቃል አይደለም፤ ወረቀት አለ።

ከዚያ ወዲህ ልጄ ስትተኛ ኮምፒውተሩን እከፍታለሁ። የፊኒስቴር ቤተ መዛግብት ያለው ኬምፔር ከተማ ነው፤ መዝገቦቹን ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቶ ለፈለገ ሁሉ ከፍቷቸዋል። አንድ የጋብቻ መዝገብ ሲገኝ የሙሽራውንም የሙሽሪትንም ወላጆች ይነግራል፤ እነዚያስ መቼ ተጋቡ ብሎ ሃያ ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ነው። እስከ 1792 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) መንገዱ ደልዳላ ነው። መዝጋቢው ማዘጋጃ ቤት ነው፤ በየዐሥር ዓመቱም በፊደል ተራ የተደረደረ የስም ዝርዝር አለ። በዚያ ዓመት ሴፕቴምበር 20 ቀን የፈረንሳይ አብዮት መዝገቡን ከቤተ ክርስቲያን ወስዶ ለማዘጋጃ ቤት ሰጠ። ከዚያ በፊት ወዳለው ዘመን ሲገቡ ግን የሚጠብቀው የአጥቢያው ቄስ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ አንዱ ሲያምር፣ ሌላው ሲቸኩል፣ ሌላው ሲያረጅና እጁ ሲንቀጠቀጥ።

ሴቶቹን መከተል እንደፈራሁት አልከበደኝም። በፈረንሳይ መዝገብ ያገባች ሴት በአባቷ ቤት ስም ነው የምትጻፍ፤ ስትሞትም በዚያው ስም ትቀበራለች። በዚህ ነገር ከእኛ ጋር ይመሳሰላሉ። የቤተሰብ ስሞቹን ልጄ ትወዳቸዋለች፤ ለ ብራዝ ትልቁ፣ ለ ቢያን ትንሹ፣ ለ ጎፍ ደግሞ ቀጥቃጩ ማለት ነው በብረቶን ቋንቋ። በእኛ አገር ባለ እጁን ስንቱን ነገር ስንለው ኖረናል፤ እዚያ ግን ቀጥቃጭነት ከአባት ለልጅ የሚተላለፍ ስም ሆኖ ቀረ።

ልጆቹን ማንበብ ነው የሚያደክመኝ። ወንዱ በአርባ ሴቷ በሰማንያ ቀን ክርስትና ሲነሱ ላደገ ሰው፣ በተወለደበት ዕለት ወይም በማግሥቱ የተጠመቀ ሕፃን ማየት ግር ይላል። ምክንያቱን ለመረዳት ጥቂት ገጾች መግለጥ ይበቃል። ከክርስትናው ሳምንት ሳይሞላ ቀብሩ ይመጣል፤ ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ደግሞ ሌላ ሕፃን በዚያው በሞተው ልጅ ስም ይጠመቃል።

ወደዚያች ዓረፍተ ነገር ልመለስ። መጀመሪያ የአንድ ቄስ ልማድ መስላኝ ነበር፤ ከደብር ደብር፣ ከዘመን ዘመን ስትከተለኝ ግን ነገሩን አጣራሁ። ሕግ ናት። ሉዊ 14ኛ በ1667 ባወጡት ድንጋጌ መዝገቡ በሁለት ቅጂ እንዲጻፍ፣ አንዱ በቤተ ክርስቲያን እንዲቀር፣ ሌላው ለፍርድ ቤት ጽሕፈት ቤት እንዲሰጥ አዘዙ። (አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይኖራል። ፓሪስ ግን በሜይ 1871 ማዘጋጃ ቤቱም የፍርድ ቤቱ ሕንፃም ተቃጥለው የከተማዋ የብዙ መቶ ዓመት መዝገብ ከነቅጂው ዐመድ ሆነ። የልጄ ዘመዶች ገጠሬ መሆናቸው በጀን።) ያው ድንጋጌ ተጋቢዎችና ምስክሮች እንዲፈርሙ፣ የማይችል ካለ ደግሞ ተጠይቆ መልሱ እንዲጻፍ ያዛል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ሠርግ፣ ከቅዳሴው በኋላ፣ አንድ ሰው ብዕር ይዞ ጠይቋል። ሙሽሪትም መልሳለች። የጠየቃትም የመለሰችም በብረቶን ነበር፤ ገበሬው ሌላ ቋንቋ አልነበረውም። መልሱ የተጻፈው ግን በፈረንሳይኛ ነው። ከዚያች ሴት አፍ ወጥቶ እኔ ዘንድ የደረሰ ቃል ይህ ብቻ ነው፤ እሱም ተተርጉሞ።

ከ1877 እስከ 1879 ሉዊ ማጆሎ የሚባሉ በትምህርት አስተዳደር ያረጁ ሰው ወደ 16 ሺህ የሚጠጉ የመንደር መምህራንን አስተባብረው በየደብሩ በእነዚህ ገጾች ላይ ያለውን ፊርማ አስቆጥረዋል። ከ1686 እስከ 1690 ካገቡት ወንዶች የፈረሙት 29 በመቶ፣ ሴቶች 14 በመቶ ነበሩ፤ ከመቶ ዓመት በኋላ 47 እና 27። በካርታ ላይ ከሳን ማሎ ከተማ እስከ ጄኔቫ መስመር ቢሰመር ከላይ ያለው አገር ይፈርማል፣ ከታች ያለው አይፈርምም። የልጄ ሰዎች ከታች ናቸው። እኔ ካገኘኋቸው ሴቶች መካከል ትምህርት በ1882 ግዴታ ከመሆኑ በፊት የፈረመች አንዲት ብቻ ናት፤ ፊደሎቹን ተለያይተው እንደቆሙ ልጆች በየፊናቸው አቁማ።

ቁጥሩን አምናለሁ። ፊርማ የሌለው ሁሉ ማንበብ አያውቅም ከተባለ ግን አልቀበልም። በዚያ ዘመን ንባብ ቀድሞ ነበር የሚሰጥ፤ ጽሕፈት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሌላ ትምህርት ነው፤ ሴት ልጅ ብዙ ጊዜ እዚያ ሳትደርስ ትወጣለች። የጸሎት መጽሐፏን የምታነብ፣ ብዕር ግን ጨብጣ የማታውቅ ሴት ነበረች። ይህን ለማመን የታሪክ ጸሐፊ ምስክርነት አላስፈለገኝም። አያቴ እንዲህ ነበረች።

አያቴ ከየኔታ እግር ሥር ፊደል የቆጠረ ወንድሟን እየሰማች ንባብ ለየች። በየቀኑ ውዳሴ ማርያም ትደግም ነበር፤ ዳዊቷ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከራስጌዋ አይጠፋም። በድሮው ትምህርት መጻፍ የሌላ ሰው ሙያ ነው፤ ቁም ጸሐፊው ይጽፋል፣ ሌላው ያነባል። የአያቴ እጅም ጥጥ ፈተለ፣ እንጀራ ጋገረ፣ ሕፃን ተቀበለ፤ ፊደል ግን አልጻፈም። አንድ ጊዜ ለመሬት ጉዳይ ወደ ቀበሌ ስትሄድ ተከትያት ነበር። ጸሐፊው ወረቀቱን አዙሮ «እማማ፣ ይፈርማሉ?» አላት። ቅር ሳትሰኝ «አላውቅም ልጄ» አለችው። እኔ ግን ያን ጊዜ አምስተኛ ክፍል ነበርኩና አንገቴን ደፋሁ።

አሁን ለልጄ የዘር ሐረጉን በትልቅ ወረቀት ላይ እየጻፍኩላት ነው፤ በአባቷ በኩል በቃል ያለውን፣ በእናቷ በኩል ከመዝገብ ያገኘሁትን። ከእያንዳንዱ ስም ጎን የፈረመውን ፊርማውን፣ ያልፈረመውን ደግሞ መልሱን በአማርኛ አሰፍራለሁ፤ ተጠይቃ መፈረም አላውቅም አለች፣ እያልኩ። ትናንት ማታ ይህን አምስተኛ ጊዜ ስጽፍ ብዕሩ ቆመብኝ።

የቀበሌው ጸሐፊ የቀለሙን ሳጥን ከፍቶ የአያቴን አውራ ጣት ያዘና ቀለሙ ላይ፣ ከዚያም ወረቀቱ ላይ ተጫነው። ስንወጣ ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ሐምራዊው ቀለም ከነጠላው ቶሎ አልለቀቀም፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ጥበቡ አጠገብ ነበር።