በሃምሳው የምትጾም እንግዳ

አንድ ሰው ስጋም፣ ወተትም፣ እንቁላልም አልበላም ብሎ ድንበር ሲያቋርጥ፣ የዚህን ውሳኔ ዋጋ የሚከፍለው ማነው? ራሱ ነው ወይስ የሚቀበለው ሰው? ጥያቄው የጉዞ ምክር ይመስላል፤ «እዚህ ምግብ ቤት ሂድ፣ ያንን ቃል ሸምድድ» ተብሎ የሚያልቅ። ለእኔ ግን ከዚያ ያለፈ ነገር አለው።

ያደግኩት መንዝ ነው፤ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ፣ ገብስ፣ ባቄላና በግ ያለበት ቀዝቃዛ አገር። ኢንጂነሪንግ ተምሬ አሁን አዲስ አበባ ሶፍትዌር እጽፋለሁ። ልጅ እያለሁ «ቪጋን» የሚባል ቃል ሰምቼ አላውቅም። ቃሉ ራሱ ብዙ ዕድሜ የለውም፤ እንግሊዝ አገር በ1944 እ.ኤ.አ. እነ ዶናልድ ዋትሰን ማኅበራቸውን ሲያቋቁሙ የፈጠሩት ነው። እኛ ቤት ግን በዓመት ከ180 ቀን በላይ የሚበላው ያው ነው። ሽሮ፣ የባቄላ ንፍሮ፣ ተልባ፣ ጎመን፣ ድንች፣ በሶ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ከዚያ ፍልሰታ፣ ነቢያት፣ ሐዋርያት፣ ነነዌ፣ ገሃድ፤ እነዚህ ሁሉ ሲያልፉ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ አሉ። አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ላሳተመው «ሰምና ወርቅ» ብዙ ነገር የቀዳው መንዝ ተቀምጦ ካየው ነው፤ ጾም በገበሬው ሕይወት ውስጥ ያለውን ክብደትም ሳይጽፈው አላለፈም።

ታዲያ ሳህኑ አንድ ስለሆነ ነገሩ አንድ ነው ማለት አይደለም። ፍትሐ ነገሥት አንቀጽ 15 ላይ ስለ ጾም ሲደነግግ ሰዓትም አለበት፣ ምክንያትም አለበት። ጾመኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምስ ይቆያል። ቪጋን ግን ጠዋት በአንድ ሰዓት ጠግቦ ሊበላ ይችላል። መንዝ ውስጥ በሁዳዴ ወተት የማይቀምሰው ገበሬ ከላይ እስከ ታች በበግ ፀጉር በርኖስ ተጠቅልሎ ነው ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው፤ በርኖስና ጾም ይጋጫሉ ቢሉት የሚላችሁን አላውቅም።

አሁን ወደ ጉዞው። ኢትዮጵያን የሚጎበኙ ቪጋኖች አንድ ቃል ይዘው ይመጣሉ፤ «የጾም»። ረቡዕ ቀን ደብረ ብርሃን መነኻሪያ አጠገብ ያገኙት ምግብ ቤት ገብተው ይህን ቃል ካሉ አለቀ። እንዲያውም ባይሉም አለቀ። እኛ ኮድ የምንጽፍ ሰዎች «ዲፎልት» የምንለው ነገር ነው፤ ማንም ሳይነካው የሚገኘው መነሻ። በጾም ቀን አስተናጋጁ አይደናገርም፣ ወጥ ሠሪዋ ሌላ ድስት አትጥድም፣ ማንም ማንንም ይቅርታ አይጠይቅም። ዋጋው ለሁሉም ተከፋፍሏል። ከሳህኑ ጣዕም ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው።

ሌላውም ዓለም የራሱ ቃል አለው። ግሪክ «ኒስቲሲሞ» ይላሉ፣ ሰርቢያ «ፖስኖ»፤ እንደኛው ኦርቶዶክሶች ናቸው። ግን ተጠንቀቁ፤ ግሪኮቹ በጾም ኦክቶፐስና ስኩዊድ ይበላሉ፣ ሰርቦቹም «ፖስኖ» ብለው ዓሣ ሊያመጡላችሁ ይችላሉ። (እኛም አገር በዓሣ ጉዳይ ክርክሩ ስላላለቀ መፍረድ አንችልም።) ህንድ የታሸገ ምግብ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ታትሞ ታያላችሁ፤ እሱ ስጋ የለበትም ማለት እንጂ ወተት የለበትም ማለት አይደለም። ቅቤውም አይቡም በአረንጓዴ ነጥብ ይገባል። የሁዳዴ ጾመኛ ህንድ ውስጥ የሚሰናከለው በስጋ ሳይሆን በቅቤ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ለሥራ በርሊን ነበርኩ። ከተማዋ ለቪጋን የተመቸች ናት፤ «ቪጋንዝ» የተባለው ሙሉ በሙሉ የቪጋን ሱፐርማርኬት በ2011 እ.ኤ.አ. የተከፈተው እዚያው ነው። የሚገርመው ግን በየዕለቱ የረዳኝ የቪጋን ሱቅ አይደለም፣ የበሽተኞች ሕግ ነው። ከ2014 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የታሸገ ምግብ ላይ 14 አለርጂ አምጪ ነገሮች ከሌላው ጽሑፍ ጎልተው መጻፍ አለባቸው። ወተትና እንቁላል ከአሥራ አራቱ ውስጥ ናቸው። እናም ጀርመንኛ ሳልችል ዳቦ እያገላበጥኩ ደማቁን ፊደል እፈልጋለሁ። ወተት «ሚልሽ» ነው። እንቁላል ደግሞ «አይ»። እነሱ አይ ሲሉ እኔም አይ እላለሁ። አንድ ወተት የሚያሳብጠው ሕፃን እንዳይሞት የወጣ ሕግ፣ የመንዝ ልጅ ጾሙን እንዳይገድፍ ይጠብቃል።

ምግቡስ? ጣፋጭ ነበር። ከስንዴና ከአኩሪ አተር የተሠራ ስጋ መሰል ሳንድዊች በላሁ፣ በአጃ ወተት ማኪያቶ ጠጣሁ። አንድ የአገሬ ልጅ «ይሄ ጾም ነው ወይስ ማታለል?» ብሎ ሳቀብኝ። ወቀሳው ብዙም አልነካኝም። የሽምብራ ዓሣን የፈለሰፉት በርሊኖች አይደሉም፤ እናቶቻችን ናቸው የሽምብራ ሊጥ በዓሣ ቅርጽ ቆርጠው፣ ጠብሰው፣ ወጥ ውስጥ የጨመሩት። ሱፍ ወቅጠው፣ ጨምቀው እንደ ወተት የነጣ ፍትፍት የሚሠሩትም እነሱ ናቸው። ጾም መጣፈጥ የለበትም ያለ ሰው ስልጆ በልቶ አያውቅም። እኔን የከበደኝ ሌላ ነው። በርሊን ውስጥ እምቢ ማለቴ ማንንም አይነካም፤ ከፍያለሁ፣ ተሸጦልኛል፣ ተለያይተናል። አስተናጋጇ ሌላ ድስት ብትጥድ ሒሳቡ ውስጥ ገብቷል። ገንዘብ ባለበት ቦታ «ይሄን አልበላም፣ ያንን ቀይሩልኝ» ማለት ነውር የለውም፣ እንደልባችሁ ጠይቁ። ጥያቄው የሚጠብቀው ሒሳብ የማይከፈልበት ቤት ስትገቡ ነው።

ይህን ያየሁት ከበርሊን ቀደም ብሎ፣ በግንቦት 2011 ነው። ያኔ መንገዱ ሰላም ነበር። አብራን በአንድ ፕሮጀክት ላይ የምትሠራ ጀርመናዊት ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት ጓሳ ልትሄድ ፈለገች። ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይጀምራል፤ ሕዝቡ በቄሮ ሥርዓት ሣሩን ለዘመናት ሲጠብቀው የኖረ ቦታ ነው። ማደሪያችን አክስቴ ቤት ነበር። ልጅቷ ቪጋን መሆኗን አስቀድሜ በስልክ ነግሬያቸዋለሁ።

«ታማለች?» አሉኝ።

«አይ እትዬ፣ ደህና ናት።»

«ስለት ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ በሃምሳው ማን ይጾማል?»

እውነታቸውን ነው። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ኢትዮጵያ የቪጋን አገር ናት ብሎ የሚመጣ ሰው ከዓመቱ ሁሉ የሚቸገረው በእነዚህ ሳምንታት ነው። ሽሮው ውስጥ ቅቤ አለ፣ ጎመኑ ውስጥ ቅቤ አለ። የሸክላ ድስቱ ራሱ ቅቤ ጠጥቷል። አክስቴ ለሐዋርያት ጾም ይወርዳል ብለው ቆጥ ላይ የሰቀሉትን የጾም ድስት አወረዱ፣ አጠቡ፣ ዘይት ከገበያ አስመጡ። ዘይት እዚያ አገር ርካሽ አይደለም።

እናም በግ አረዱ።

ልጅቷ በጉን ስታይ «በእኔ ምክንያት ነው?» አለችኝ። ለአክስቴ ተረጎምኩት። «እሷ አለመብላቷ የሷ ነው» አሉ፤ «አለማረዴ ግን የኔ ነውር ነው።» ጎረቤት ሊመጣ ነው፣ ከባሕር ማዶ እንግዳ የገባበት ቤት ነው፣ በዚያ ላይ ፋሲካው አላለፈም። እሷ ባትመጣ ኖሮ ያ በግ ምናልባት እስከ እንቁጣጣሽ ይቆይ ነበር። እንስሳ በእኔ ምክንያት አይሙት ብላ የምትኖር ሰው በመምጣቷ ብቻ አንድ በግ ሞተ። እርዱ እስኪያልቅ ከአጎቴ ልጅ ጋር ወደ ጓሮ ዞረች። የማንን ጥፋት እንደምል እስከ ዛሬ ቸግሮኛል። ሁለቱም የሚያከብሩትን ነገር ነው ያከበሩት።

ምክንያቷን ለማስረዳት ሞከርኩ። የምትተወው ለነፍሷ ብላ አይደለም፣ ለእንስሳቱ አዝና ነው አልኳቸው። አክስቴ ትንሽ አሰቡና «እኔ በጉን የምተወው ስለ ኃጢአቴ ነው፤ እሷ ስለ በጉ ነው በለኛ» አሉ። አሾፉ ብዬ ነበር፤ ግን ከዚህ የተሻለ ልዩነቱን ያስቀመጠ ጽሑፍ አላነበብኩም። ጾም የሚመለከተው የሚበላውን ሰው ነው፣ ቪጋንነት የሚበላውን እንስሳ። ጾም ስለሚያልቅ ፍስክ አለው፤ ፍስኩም የሥርዓቱ አካል ነው። ቪጋንነት ፍስክ የለውም።

በጉን በተመለከተ እኔ ገለልተኛ አይደለሁም። መንዝ ላይ ውርጭ ገብሱን ሲመታው የሚሸጠው በግ ነው። የእኔ ደብተር፣ ዩኒቨርሲቲ የሄድኩበት የአውቶቡስ ሒሳብ በበግ ነው የተከፈለው። ሊታረስ በማይችል ቁልቁለት ላይ ሣሩን ወደ ልጅ ትምህርት የሚቀይር ሌላ ነገር ካለ አሳዩኝ። ግን በዚህ ክርክር ራሴን አልሸሽግም፤ አዲስ አበባ ተቀምጬ ቅዳሜ ማታ ጥሬ ስጋ ስቆርጥ ውርጭ አላስገደደኝም። የአክስቴ ምክንያት ለእኔ አይተላለፍም።

ነቢዩ ኢሳይያስ ምዕራፍ 58 ላይ ስለ እውነተኛ ጾም ሲናገር እንጀራን ለተራበ ከማካፈል ጋር ያያይዘዋል። አባቶችም ጾመኛ ያስቀረውን ለድሃ ይስጥ ብለው ያስተምራሉ። ማለትም የእምቢታው ዋጋ አቅጣጫ አለው፤ ከእኔ ይወጣና ካነሰው ጋር ይደርሳል። ከዚህ ተነስቼ ነው እንግዳ ሆኖ የሚጓዝ ቪጋንንም ጾመኛንም የምመዝነው። በእምቢታው ማን ጎደለበት? አንዲት አሮጊት ዘይት ከገዙ፣ እምቢ ባዩ በሆነ መንገድ ጎደሎውን መሙላት አለበት ባይ ነኝ። ገንዘብ መስጠት አይሆንም፣ ይሰድባል። የራስን ስንቅ ከቦርሳ አውጥቶ ጥግ ይዞ መብላትም አይሆንም፤ እንዲያውም ከሁሉ የባሰ እሱ ነው። ማዕድ ላይ ተቀምጦ ማዕዱን አለመንካት ሰውን ለብቻው መተው ነው።

ልጅቷ ያደረገችውን ልንገራችሁ። በማግሥቱ ጠዋት አክስቴ ገብስ ሲቆሉ ምጣዱ አጠገብ ቁጢጥ አለች። ጢሱ ዓይኗን እያስለቀሳት አማሰለች፤ ግማሹን አሳረረችው። አክስቴ ሳቁባት፣ ማማሰያውን ግን አልቀሟትም። ከዚያ ቤት ውስጥ የነበረ በሶ ዓይኗ ገባ። ምንድን ነው አለች። ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ ነው፣ ውሃና ጨው ብቻ ነው የሚፈልገው አልኳት። የዘማች ስንቅ ነው፣ የቆሎ ተማሪ ስንቅ ነው፣ የእረኛ ምሳ ነው። በእጇ ጨብጣ በላች፣ ደገመች። አክስቴ አፈሩ፤ «ለእንግዳ በሶ? ሰው ምን ይለኛል?» ሊያቀርቡ ያፈሩበት ምግብ ነው እሷ ከሁሉ የወደደችው። ስትሄድ አንድ ከረጢት ሙሉ ሰጧት። እሳት አይፈልግ፣ ማቀዝቀዣ አይፈልግ፣ ለወራት አይበላሽ፤ ቪጋን መንገደኛ የሚመኘውን ነገር መንዝ ከጥንት ጀምሮ በአቁማዳ ይዞት ይዞር ነበር።

አንድ ነገር ቀረኝ። ግንቦትም ቢሆን መንዝ ሌሊቱ ይበርዳል። ማታ አክስቴ ከበግ ፀጉር የተሠራ ባና አምጥተው አለበሷት። ሱፍ እንደማትለብስ አውቃለሁ። አየችኝ፣ ባናውን አየች፣ እስከ አገጯ ሳበችው። ጠዋት ጠየቅኳት። ባናው ድሮ የተሠራ ነው፣ ማንም ለእኔ ብሎ በግ አልሸለተም፣ እኔ ባልለብሰውም እዚያው ነው አለች። ለአክስቴ ተረጎምኩት።

«እርጎውም እኮ ታልቦ የተቀመጠ ነው» አሉ። «ለሷ ብዬ አላለብኩት።»

ይህንንም ተረጎምኩ። መኪናው እስኪመጣ ድረስ እኔ መሐል ተቀምጬ ተከራከሩ።