ቀስትን ለልጆች ስለ ማስተማር

ከጎንደር ከተማ አጥቢያዎች በአንዱ ሰንበት ትምህርት ቤት የሚያገለግል አንድ ወጣት ወደ እኔ መጥቶ፣ «የኔታ፤ ሕፃናቱ ከትምህርት በኋላ የሚጫወቱት ቢያገኙ ብለን ቀስት መወርወርን ልናስተምራቸው አስበናል፤ ነገር ግን መሣሪያ ነውና በቤተ ክርስቲያን ስም ይህን ማድረግ ይገባልን?» ሲል ጠየቀኝ።

ወዲያው አልመለስሁለትም። እርሱ የጠየቀኝ ስለ ጨዋታ ነበር፤ የእኔ ልብ የሄደው ግን በ2013 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ዳባት ደርሶ የገበሬውን ቤት በሐዘን ወደ ሞላበት ጊዜ ነው። ከዚያም ወዲህ የተኩስ ድምፅ ለብዙዎቹ ልጆቻችን እንግዳ አይደለም። ፊደል ሳይለይ የጠመንጃ ዓይነት የሚለይ ሕፃን ባለበት አገር፣ ሌላ መሣሪያ መጨመር ምን ይረባል ብዬ ነበር።

መጻሕፍትን ስመለከት ግን ነገሩ እንዳሰብሁት አልሆነም። እስማኤል በምድረ በዳ ሲያድግ እግዚአብሔር ከሕፃኑ ጋር እንደ ነበረና ቀስተኛ እንደ ሆነ ኦሪት በአንድነት ትናገራለች (ዘፍ. 21፥20)። ዳዊትም ለሳኦልና ለዮናታን ሲያለቅስ የይሁዳ ልጆች ቀስትን ይማሩ ዘንድ አዘዘ (2 ሳሙ. 1፥18)። ከጥፋት ውኃ በኋላ ለኖኅ የተሰጠው የቃል ኪዳን ምልክት የሚጠራውም በዚሁ በቀስት ስም ነው። ነገር ግን በደመና ላይ የታየው ያ ቀስት ፍላጻም አውታርም የለውም፤ ሊቃውንቶቻችንም የእመቤታችን ምሳሌ ነው ይሉታል።

በጎንደር ደጋ የወንድ መሣሪያ ጦርና ጋሻ፣ ኋላም ጠመንጃ ስለ ሆነ ቀስት የሩቅ አገር ነገር ይመስለናል። እናቶቻችን ጥጥ የሚነድፉበት ደጋንስ ቀስት አይደለምን? ግእዙ ነደፈ ሲል ፍላጻ መወርወሩንም ጥጥ ማባዘቱንም በአንድ ቃል ይጠራዋል። የማሲንቆው መምቻም ደጋን ይባላል። አንዱ ሲያቆስል ሌላው ለታረዘው ጋቢ ይሆናል፤ ሦስተኛው ያጫውታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በስሜን ተራራ ገብሱን ከጭላዳና ከወፍ የሚጠብቁ እረኞች በወንጭፍ የወረወሩት ድንጋይ ካሰቡት ስፍራ ሲያርፍ ያየ ሰው፣ በመጽሐፈ መሳፍንት ስለ ተነገሩት ሰባት መቶ ግራኞች ሲሰማ አይደነቅም። እነዚያ ብንያማውያን በወንጭፍ ጠጉር እንኳ አይስቱም ነበር (መሳ. 20፥16)። በዕብራይስጡ በዚህ ስፍራ ስለ መሳት የተጻፈው ቃልና ኃጢአት የሚባለው ቃል ሥራቸው አንድ ነው። ግእዛችንም ኀጥአ ሲል አንድም በደለ፣ አንድም አጣ፣ ሳያገኝ ቀረ ማለት ነው። በግሪክኛም ለኃጢአት የሚነገረው ቃል አስቀድሞ ዒላማ ለሳተ ወርዋሪ ይነገር ነበር። እንግዲህ ኃጢአት ምንድር ነው ብሎ ለሚጠይቅ የአሥር ዓመት ልጅ ከዚህ የቀለለ ማስረጃ ከየት ይመጣል?

ዛሬ በኦሊምፒክ ውድድር ቀስተኛው የሚቆመው ከዒላማው 70 ሜትር ርቆ ነው። የዒላማው ስፋት 122 ሣንቲ ሜትር ሲሆን፣ አሥር ነጥብ የሚያሰጠው መካከለኛው ክብ 12.2 ሣንቲ ሜትር ብቻ ነው። በሚለቅቅበት ጊዜ አንድ ዲግሪ ያህል ወደ ጎን ያዘነበለ ፍላጻ እዚያ ሲደርስ ከመካከሉ ከ120 ሣንቲ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ይኸውም ዒላማውን ጨርሶ ያልፈዋል ማለት ነው። ከእጅ አጠገብ የማይታይ ስሕተት በሩቅ ይታያል። ልጅን በሕፃንነቱ እናቅና የምንለውም ስለዚህ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን ልቤን የያዘው የኤልሳዕ ነገር ነው (2 ነገ. 13፥14-19)። ነቢዩ ሊሞትበት ባለው ደዌ ታሞ ሳለ የእስራኤል ንጉሥ ዮአስ ሊጠይቀው መጥቶ አለቀሰ። ሽማግሌው ቀስት አንሥቶ እንዲገትር ካዘዘው በኋላ፣ እጁን በንጉሡ እጅ ላይ ጫነ፤ የምሥራቁን መስኮት አስከፍቶም አስወረወረው። አስተውሉ፤ የታመመው ሰው ነው የጤነኛውን እጅ የያዘው። በባዕታ የአቋቋም ጉባኤ የተማረ ሰው ይህን ያውቀዋል። መቋሚያ እንዴት እንደሚነሣና እንደሚወርድ በቃል ብቻ ቢነግሩት አይገባም፤ መምህሩ ከፊት ቆሞ ማሳየት አለበት። እኛ አረጋውያን ግን ወጣቱ ተበላሸ እያልን ከሩቅ እንጮኻለን እንጂ እጃችንን በእጁ ላይ ያኖርን ጥቂቶች ነን። ኋላም ዮአስ ምድሩን በፍላጻዎቹ እንዲመታ ቢታዘዝ ሦስት ጊዜ መትቶ አቆመ፤ ነቢዩም አምስት ወይም ስድስት ጊዜ አለመምታቱን አይቶ ተቈጣው።

መምህር ግን ልክን ያውቃል። በአበው ዜና እንደሚነገረው፣ ታላቁ አባ እንጦንስ ከወንድሞች ጋር ሲጫወት አንድ አዳኝ አይቶ ነቀፈው። እርሱም ቀስትህን ገትር፣ አሁንም ጨምር እያለ ደጋግሞ ሲያዝዘው፣ አዳኙ ከልክ ካለፈ ይሰበራል ብሎ መለሰ። ወንድሞችም እንዲሁ ናቸው ሲል አስረዳው። ስለዚህ ልጅ ከንባብና ከዜማ በኋላ መጫወቱን የሚነቅፍ ሁሉ ይህን ያስብ።

ለዚያ ወጣት «ልጄ፤ አስተምሩ» አልሁት። ነገር ግን ዒላማው የሰው መልክ አይኑረው፤ የገለባ ነዶ በአፈር ግድብ ፊት አቁሙ። ሁሉም በአንድ መስመር ይቁም፤ ቀስቱን ሁሉም ካላስቀመጠ ፍላጻ ሊለቅም የሚሄድ አይኑር። ዮናታን ብላቴናው በፊቱ እየሮጠ ሳለ ፍላጻውን አሳልፎ ወርውሮ ነበር (1 ሳሙ. 20፥36)፤ ያ ለዳዊት ምልክት እንዲሆን የተደረገ ነውና በእናንተ ሜዳ አይደገም። የወላጆችም ፈቃድ ይጠየቅ፤ የተኩስ ድምፅ ያስደነገጠው ልጅ ቢኖር አይገደድ፣ ተቀምጦ ይይ።

«ስንት ሰንበት እናስተምር?» አለኝ። ዮአስ በሦስት ማቆሙን አስታወስሁትና ቍጥር ሳልሰጠው አሰናበትሁት።